የእማማ ከድጃ አራት መደብ ስንዴ

የዛሬ ሦስት ሳምንት ጠዋት... ደሴ ፒያሳ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ከከተማው ወጣ ብሎ ገራዶ የሚያርሱ እማማ ከድጃ የሚባሉ እናት ናቸው።

«ልጄ፣ ስንዴዬ ቢጫ ሆነብኝ። ወላሂ እንቅልፍ አጣሁ። የቀረችኝ ግማሽ ከረጢት ዩሪያ ናት፤ መጥተህ እይልኝ።»

እኔ የሰብል ባለሙያ ነኝ። ዲግሪ አለኝ። መልሱን ገና ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ጨርሼዋለሁ... ስንዴ ቢጫ የሚሆነው ናይትሮጅን ሲያንሰው ነው፣ ዩሪያ ደግሞ ናይትሮጅን ነው፣ አለቀ።

ስደርስ ማሳው እውነትም ገርጥቷል፤ አንጀት ይበላል። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ «እማማ፣ ርቦት ነው። ዩሪያዋን ዛሬውኑ ይበትኑለት» አልኩ፣ በሙሉ ልብ።

እሳቸው አልተቃወሙኝም። ከረጢቱንም ግን አልፈቱም። «አብሽር፣ እንበትናለን። መጀመሪያ እስቲ እዚህ ና» ብለው ወደ ማሳው ዳር ወሰዱኝ።

ዳር ላይ በድንጋይ የተለዩ አራት ጠባብ መደቦች አሉ፤ ከዳገቱ እስከ ታች ረባዳው ድረስ የሚወርዱ። አንዱን ምንም ማዳበሪያ አልነካውም። አንዱ በዘር ጊዜ የሚሰጠውን፣ ስር የሚያጠነክረውን ዳፕ ብቻ አግኝቷል። አንዱ ዩሪያ ብቻ። አራተኛው ሁለቱንም። በየዓመቱ እንዲህ ከፋፍለው ነው የሚዘሩት!

«ማን አስተማረዎት?»

«ማንም። ሰው ሁሉ ማዳበሪያ ጥሩ ነው ይለኛል፤ የቱ ለምን እንደሚጠቅም የሚነግረኝ ጠፋ። ስንዴውን ራሱን ልጠይቀው ብዬ ነው።»

ከየመደቡ አንድ አንድ ነቅለው አሳዩኝ። ዩሪያ ብቻ የበላው ረዝሟል፣ ስሩ ግን ሳሳ ያለ ነው። «ይሄ ቁመት አለው፣ እግር የለውም። ንፋስ ሲመጣ ይተኛል» አሉኝ። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ሴሚስተር ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው።

«አሁን ቢጫውን እየው...» አሉ።

አየሁት። አራተኛው መደብ፣ ሁለቱንም የበላው፣ ዳገቱ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ታች ውሃ የተኛበት ጋ ግን ምንም ካልቀመሰው እኩል ገርጥቷል።

«ርሃብ ቢሆንማ ይሄ የጠገበው ምን ሆነ?»

ያኔ ገባኝ። ውሃው ስሩን አፍኖታል፤ የታፈነ ስር ደግሞ ማዳበሪያ አይበላም። ያቺን የመጨረሻ ዩሪያ እኔ እንዳልኩት ቢበትኗት ኖሮ ውሃው አጥቧት ይሄድ ነበር፤ የዓመት እህላቸውም አብሮ።

«ታዲያ ካወቁት ለምን ጠሩኝ?»

«ጠርጥሬ እንጂ መች አወቅሁ? ብቻዬን ብሳሳትስ ብዬ ነዋ።»

አፈርኩ። ግን ደግሞ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጫማዬን አውልቄ አብሬያቸው የውሃ መውረጃ ቦይ ስቆፍር ዋልኩ። ዩሪያውን አፈሩ ጠፈፍ ሲል ሊሰጡት ተስማማን።

ትናንት ደወሉልኝ። «ማሻአላህ፣ ስንዴዬ ነፍስ ዘራ!» ድምፃቸው የሃያ ዓመት ልጅ ይመስል ነበር።

ዛሬ ቢሮ ገብቼ የመስክ ሪፖርቱን ስሞላ «ምክሩን የሰጠው ባለሙያ» የሚለው ቦታ ላይ የእማማ ከድጃን ስም ጻፍኩ... አለቃዬም ሳያነብ ፈረመበት።