ያልገጠሙት ግማሾች

በዚህ ሙዚየም በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራተኛ ቦርሳ ፈትሻለሁ። እንደ እትዬ ጥንዚዛ ቦርሳ ያለ ግን አላየሁም፤ አንድ የምሳ ዕቃ፣ አንድ መነጽር፣ በቃ። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ድንጋይ ሆነው የቀሩ የጥንት ጥንዚዛዎች በተደረደሩበት ክፍል ነው ያረጁት። ከክር የቀጠነች እግር በመርፌ ጫፍ ከድንጋይ ሲያላቅቁ ብታዩ፣ እናንተም ትንፋሻችሁን ትይዙ ነበር።

ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ባንዱ ግማሽ ጥንዚዛው፣ በሌላው አሻራው ይቀራል። ጥንዶቹ እንዲታወቁ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይለጠፋል። ጡረታቸው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ክንፉ ዛሬም አረንጓዴ የሚያብለጨልጨውን ጥንዚዛ፣ የሙዚየሙን ኩራት፣ ለሕዝብ እይታ እንዲያዘጋጁ ታዘዙ። ትርኢቱ በሚመረቅበት ዕለት እሳቸውም የምስጋና ወረቀት ተቀብለው ሊሸኙ ነው። ግማሾቹን ቢያጋጥሟቸው አልገጠሙም።

ምሳቸውን ሳይበሉ እኔ ዘንድ መጥተው ቁጭ አሉ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉኝ። «ሥራ በጀመርኩ በዓመቴ ሁለት ትሪ ድንጋይ ከእጄ ወደቀ። ቁጥሮቹ ተላቀቁ። ማንም ሳያየኝ በግምት መልሼ ለጠፍኳቸው።»

«ታዲያ ማን ያውቃል? ሆድ ይፍጀው ብለው በክብር ይሸኙ እንጂ!»

«ሠላሳ ዓመት ፈጀኝ እኮ፣ ልጄ።»

ተነሥተው በቀጥታ ወደ ኃላፊው ሄዱ። የኃላፊው ጩኸት እስከ በሩ ተሰማ። ምርቃቱ ቀረ፤ ሽኝቱም አብሮ ቀረ። እሳቸው ግን ከዚያ ዕለት ጀምሮ መሳቢያ ሲስቡ ከርመው፣ በአሥረኛው ቀን ትክክለኛውን ግማሽ አገኙት። ልክክ ብሎ ገጠመ!

በዚያ ክፍል አሮጌ መለያ ወረቀት አይጣልም፤ አዲሱ ከላዩ ይደረባል። ኃላፊው ልቡ ራርቶ «‹ታርሟል› ብለው ይጻፉ፣ ይበቃል» አላቸው። አሻፈረኝ አሉ። «ቁጥሩን ያምታታሁት እኔ ነኝ» ብለው ከነአባት ስማቸው ጻፉ።

«ለምን ራስዎን ያዋርዳሉ?» ብዬ ተቆጣኋቸው።

«ከኔ በኋላ የሚመጣው ሰው በኔ እጅ ያለፈውን ሁሉ ደግሞ ይየው። ስሜን ካላወቀ በምን ይለየዋል?»

የሠላሳ ዓመት ሥራቸውን ነው በገዛ እጃቸው ለጥርጣሬ የሰጡት። እኔ ብሆን አላደርገውም፤ ምን አስዋሸኝ።

በመጨረሻው ቀን ያለ ወረቀት፣ ያለ ጭብጨባ ወጡ። ከወንበሬ ተነሥቼ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩላቸው።

«ፈትሽ እንጂ!» አሉ ቦርሳቸውን ዘርግተው።

ፈተሽኩ። አንድ የምሳ ዕቃ፣ አንድ መነጽር። እንባዬን እንዳያዩብኝ ቦርሳው ላይ ጎንበስ ብዬ ቆየሁ።