ኦቦ ዋሪዮ ዩኒቨርሲቲ ሲቃኙ

ኦቦ ዋሪዮን የማያውቅ የነገሌ ሰው ካለ ላም ገዝቶ አያውቅም ማለት ነው። አርባ ዓመት በከብት ገበያ የደለሉ፣ ላምን በሩቅ አይተው ዕድሜዋን፣ ወተቷንና ጠባይዋን የሚናገሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው ሲገቡ ግን ሻይ ማፍላት እንኳ አይሆንላቸውም። ባለቤታቸው አፀደ ከሞተች ወዲህ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው የመጨረሻ ልጃቸው ሶሲ ናት። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ እንዳሻው እባላለሁ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ለዚህ ሁሉ ጣጣ የዳረገኝም እሱ ነው።

በ2006 መስከረም የሶሲ ምደባ መጣ። ኔትወርኩን ሁለት ቀን ለምኜ ወረቀቱን ያተምኩላት እኔ ነኝ። የእንስሳት ሕክምና ይላል። ልጅቷ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው ነውና ሱቄ ውስጥ ዘለለች። ችግሩ ከሥር የተጻፈው የካምፓሱ ስም ነው። አንድ ቀን ሙሉ በመኪና የሚያስኬድ፣ ቆላ ውስጥ ያለ፣ ከተከፈተ ገና አራተኛ ዓመቱን የያዘ፣ እኛ ሰፈር ማንም ሰምቶት የማያውቅ ትንሽ ካምፓስ። ስሙን እዚህ አልጠራውም፤ ምሳ አብልተውኛል።

ሰፈርተኛው ምክር ለመስጠት ማን ብሎት! አንዱ «እሱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ነው? መጋዘን ነው አሉ» አለ። የሶሲ አጎት ጃዋር «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ብሎ ተርቶ፣ እዚሁ ነገሌ የተከፈተ የግል ኮሌጅ አመጣ። «አካውንቲንግ ትማር። ከክፍል ስትወጣ ቤቷ ትገባለች፤ አንተም ራትህን ትበላለህ።» ኦቦ ዋሪዮ የራቱን ነገር ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ሶሲ አካውንቲንግ ከምትማር ጉድጓድ ብትቆፍር ትመርጣለች፤ ግን አባቷን ተጋፍታ አታውቅም። «አንቱ ያሉት ይሁን» ብላ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። የካምፓሱ ምዝገባ ሊዘጋ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

ማታ ላይ ኦቦ ዋሪዮ ፈረዱ። «መንጋ እንኳ ወደማይታወቅ ግጦሽ አይነዳም። መጀመሪያ አቡሩ ይወጣል።» አቡሩ የቦረና ወግ ነው፤ ከብቱ ከመነዳቱ በፊት ሰው ቀድሞ ሄዶ ውሃውን፣ ሣሩንና አውሬውን አይቶ ይመጣል። ሲመለስም ያየውን ሁሉ በሽማግሌዎች ፊት ይናገራል። አንዲት ነገር ከደበቀ ዕድሜ ልኩን የሚያምነው የለም።

«ማን ይሄዳል?» አልኳቸው።

«እኔና አንተ። ወረቀቱ ከአንተ ማሽን ነው የወጣው።»

በነጋታው አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተጣብቀን ተጓዝን። እውነቱን ልናገር፤ ሰውዬው የሄዱት ጉድለት ፍለጋ ነው። ማታ ደርሰን አድረን፣ ጠዋት ገና በሩ ላይ ጣዲቻ ከሚባለው ጥበቃ ጋር «አካም፣ ናጋ?» ተባብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱና ስለ ጥጃው ሃያ ደቂቃ ከተጠያየቁ በኋላ «ጅብ አለ?» አሉት።

«አለ ኦቦ። ተማሪ ግን አይበላም፤ ምን ሥጋ አላቸው ብሎ!»

ኦቦ ዋሪዮ ደስ አላቸው። ቧንቧ ከፍተው ቀመሱና «ጨው ነው» ብለው ተፉ። ሬጅስትራሩ ደጃፍ ላይ መሬቱን በዱላቸው ጫር ጫር አድርገው ሣሩን ናቁት። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከመጽሐፉ ወንበሩ እንደሚበልጥ አስቆጠሩኝ። ምግብ ቤቱ ጋ ደግሞ ከሰልፉ አንድ ቀጭን ልጅ ይዘው ሸሚዙን ገለጡና ጎድኑን በጣታቸው እየነኩ «ስትመጣም እንዲህ ነበርክ?» አሉት። ልጁ ሐኪም መስለውት ምላሱን አወጣ። እሳቸውም ምላሱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ አላውቃቸውም ለማለት ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ ግራር ሥር፣ ሆዷ የተነፋ ላም ታስራ ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎች ከበዋታል። ኦቦ ዋሪዮ ላም ካዩ በኋላ ማን ያቆማቸዋል! ሰዉን ገፍተው ገቡና «እርጉዝ ናት። አምስት ወሯ» ብለው አወጁ።

ዱረቲ የምትባል ተማሪ የላሚቱን ግራ ጎን በቡጢዋ ገፋ ገፋ አድርጋ፣ ጆሮዋን ለጥፋ አዳመጠች። «ይቅርታ አባ፤ ፌስታል ነው» አለች።

«ምን?»

«ፌስታል በልታለች። ሆዷን ሞልቶታል።»

«ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ከብት ሸጫለሁ» ብለው ሳቁ።

መምህሩ ላሚቱን አደንዝዞ ጎኗን ቀደደ፤ ዱረቲ ክንዷን እስከ ብብቷ አስገብታ መሳብ ጀመረች። ፌስታል ወጣ። ሌላ ፌስታል ወጣ። የማዳበሪያ ገመድ፣ የሕፃን ካልሲ፣ ግማሽ ጃንጥላ ወጣ። ሁለት ባልዲ ሞላ፤ ጥጃ ግን አልወጣም። በማግስቱ ጠዋት ላሚቱ ጎኗ ተሰፍቶ ሣር ስትነጭ አየናት። ኦቦ ዋሪዮ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና «እንዳሻው፣ ስንቱን ፌስታል እርጉዝ ነው ብዬ ሸጥኩ?» አሉኝ በሹክሹክታ። ላሚቱን ማየቴን ቀጠልኩ፤ ዱላ ይዘዋል።

ስንመለስ ጋቢና ውስጥ ዱላቸውን እያሽከረከሩ ተጓዙ። የሚያስቡት ገብቶኝ አሳዘኑኝ። ስለ ላሚቱ ከተናገሩ የአርባ ዓመት ስማቸው ይጎድፋል፤ ዝም ካሉ ሶሲ እቤት ትቀራለች፤ ያየሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ነገሌ በገባን ማግስት፣ ከምሳ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹና ጎረቤቱ ግቢያቸው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሶሲ በሩ ላይ ቆማለች። ኦቦ ዋሪዮ ተነሥተው «ውሃው ጨው ነው» አሉ። ጃዋር «አላልኳችሁም?» አለ። «ሣሩ መጥፎ ነው። መጽሐፉ ጥቂት ነው። ጅብ አለ። ቀድመው የገቡት ከስተዋል።» ሶሲ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩ ያለቀ መስሏቸው ሊነሡ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«አልጨረስኩም» አሉ ኦቦ ዋሪዮ። ከዚያ ስለ ላሚቱ ተናገሩ፤ አንዲት ካልሲ አላስቀሩም። በገዛ የአርባ ዓመት ስሙ ላይ እንዲህ ሲፈርድ ያየሁት ሰው የለም።

የዳቦ ቤቷ ፍሬሰንበት ከኋላ ብድግ አለች። «እርጉዝ ናት ብለው የሸጡልኝ፣ ሦስት ዓመት ወለደች አልወለደች ብዬ የጠበቅኳት የእኔ ላምስ?»

«የአንቺዋም ፌስታል ሳትሆን አትቀርም» አሉ ኦቦ ዋሪዮ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ እሷ ብቻ አልሳቀችም። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና «ያቺ ልጅ እዚያ ቦታ ሦስት ዓመት ተቀምጣ እኔ በአርባ ዓመት ያላወቅኩትን አወቀች። ልጄ ትሂድ» አሉ።

ሶሲ ሮጣ መጥታ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። ደስታዋ መለስ ሲል ቀና ብላ አየቻቸው። «አንቱስ፣ አባ?»

ኦቦ ዋሪዮ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እኔማ አልተመደብኩም» አሏት።