የሴቶች ኮንዶምና የሸማኔ ጣት

ሲቀላ ሰፈር ባለው የወጣቶች ማዕከል የመጻሕፍት ክፍል ጠባቂ ሳለሁ አንድ ካርቶን የሴቶች ኮንዶም መጣልን። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለነበር ማንም አልነካውም። እኔ መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ቀን ሙሉ ተረጎምኩት። ከዚያም አንዱን ከፍቼ በሁለቱ ጫፎቹ ያሉትን ቀለበቶች በማስመሪያ ለካሁ። ጓደኞቼ ይህን አይተው «ባለሙያው» ይሉኝ ጀመር።

ወሬው ጥጥ ፈትለው የሚሸጡ ጎረቤታችን ጆሮ ደረሰ። ባላቸው አዲስ አበባ ነው የሚሸምኑት፤ እንደ ብዙው የጨንቻ ሸማኔ በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል ይመጣሉ። በዓሉ አሥር ቀን ሲቀረው ሴትየዋ መጡና በሩን ገርበብ አድርገው ተቀመጡ።

«በሽታ እፈራለሁ» አሉኝ። «ዓመቱን ሙሉ እንደ መነኩሴ አይተኛም። ኮንዶም አድርግ ስለው ሙዝ ከነልጣጩ አይበላም ይለኛል።»

«ይኼን የሚያደርጉት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ» አልኩና ደብተሬን ገለጥኩ። ጥቅሙን በግራ፣ ጉዳቱን በቀኝ ጽፌዋለሁ። «ሰዓታት ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። ቅባትም አያበላሸውም።»

«ጉዳቱስ?»

«እስኪለምዱት ያስቸግራል። አንዳንዴ እንደ ፌስታል ይንኮሻኮሻል። የውጪው ቀለበትም ይታያል።»

«እሱ ደግሞ አንድ ክር ብትሳሳ በጣቱ ያውቃል።»

«እንግዲያው አይደብቁት፤ አስቀድመው ይንገሯቸው።»

አገባቡን በጨበጥኩት እጄ ያሳየኋቸው ዓይኔን ጨፍኜ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ዓይንህን ግለጥ እንጂ» አሉ። «የማደርገው እኔ፣ የምታፍረው አንተ?»

ስድስት ወስደው ሄዱ።

የመስቀል ሰሞን ባልየው ራሳቸው መጡ። ከኪሳቸው አንድ ያልተነካ ኮንዶም አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጉት፤ ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ወደ ኋላ አልኩ።

«ስፌቱ የት ነው?»

«የለውም፣ ጋሼ።»

«ይህን ያህል ስስ ሆኖ፣ ያለ ስፌት» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎበዝ እጅ ነው የሠራው።»

«እና... ተስማማችሁ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«እኔን ልበስ ብትል እምቢ እላለሁ። የራሷን ብትለብስ ምን አገባኝ?»

«ድምፁስ?»

«ሃያ ዓመት የሽመና ዕቃ ሲንኳኳበት የኖረ ጆሮ ለዚህ አይደነግጥም። ጨምርልኝ።»

ወደ አዲስ አበባ መቼ እንደሚመለሱ ጠየቅኳቸው። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷቸዋል። አሥራ ሁለት ቆጥሬ ሰጠኋቸው። አልሄዱም። ኮንዶሞቹን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አንተ ልጅ፣ አላገባህም መሰለኝ» አሉ።

ካርቶኑን ከነቀረው አስረከብኳቸው።