የአዛዡ ግራ እጅ

የበደለችኝ በአንድ የሽመና ማሽን ላይ ከኔ ጋር በፈረቃ ስትተካካ የኖረች ባልንጀራዬ ናት። ጊዜው መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ የፋብሪካችን ሠራተኞች የሴቶች ተጠሪ ሊመርጡ በተዘጋጁበት ሰሞን ነው። ስሟን አልጠራም። ነገሩ የተነሣው ከቴሌቪዥን ፊልም ነው ስል ሰው ይስቃል። ይሣቅ።

የምንኖረው አቃቂ በሰቃ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳ ተጋርተን ነበር። ማሽናችን ላይ ሦስት ሴቶች በጠዋት፣ በከሰዓትና በሌሊት ፈረቃ እንፈራረቃለን፤ በየሳምንቱም ፈረቃው ይዞራል። ፈረቃው እንዴትም ቢዞር ማሽኑን ከኔ የምትረከበው ሁልጊዜ እሷ ነበረች። ርክክብ ላይ ረጅም ወሬ የለም፣ ጩኸቱ አያስወራም። ጆሮ ላይ ተጠግቶ አንድ ሁለት ቃል መናገር ነው። «የግራው ጠርዝ ክር ይበጥሳል።» «ማቆሚያው ቶሎ አይዝም፣ ተጠንቀቂ።» ይህን ቃል የሚያዛባ ሰው የሌላውን ጣት ያስበላል። በዚያ ሁሉ ዓመት እኔ አንድም ቀን አላዛባሁባትም፤ እሷም ሦስተኛዋን ስታስረክብ ስታዛባ አልሰማሁም። ስለ ማሽኑ ማለቴ ነው።

ሐሙስ ማታ የሚታይ ተከታታይ ፊልም ነበር። ምድራቸውን ትተው የወጡ ሰዎች በአንድ ትልቅ የጠፈር መንኩራኩር ውስጥ እየኖሩ ሌላ መኖሪያ ይፈልጋሉ። በቤቱ ቴሌቪዥን ያለው ጥቂት ስለነበር አብዛኞቻችን የምናየው በፋብሪካው ክበብ ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር፤ ግማሹን እየሰማን ግማሹን እየገመትን እናያለን። ተርጓሚያችን የቦይለሩ ሠራተኛ ነበሩ። በዕድሜ ስለሚበልጡን ጋሼ እንላቸዋለን። በወጣትነታቸው ባቡር ላይ ሠርተዋል፤ እዚያ የለመዱት ግን ፈረንሳይኛ ነበር። ይህ ከመተርጎም አላገዳቸውም።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ደግሞ ክርክሩ ይቀጥላል። ክርክሩ ከፊልሙ ይረዝም ነበር።

«ቆይ፣ ውሃቸው ከየት ነው የሚመጣው?» ትላለች አንዷ። «እኛ ወንዝ አጠገብ ተቀምጠን ቧንቧው ሳምንት ይጠፋብናል፣ እነሱ ሰማይ ላይ ሆነው ገላቸውን ይታጠባሉ!»

«ወጥ ቤቱስ?» ይላል ሌላው። «ሞቶ አልቅሰንለት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሾርባ ይዞ መጣ እኮ።»

«መንትያው ነው» ይላሉ ጋሼ፣ ከእንጀራቸው ቀና ሳይሉ።

«እስከዛሬ የት ነበር መንትያው?»

«ሻንጣ ውስጥ። ለክፉ ቀን አስቀምጠውት።»

ይህ ሁሉ ክርክር እንዳይቆም የሚያደርገው አንዱ ምክንያት ፈረቃው ነው። የከሰዓት ተረኛ የሆነ የሐሙሱን ክፍል አያይም። ስለዚህ እያንዳንዳችን ከሦስት አንዱ ያመልጠናል፤ ያመለጠንን ጥንዳችን የምንላት የፈረቃ ባልንጀራችን አይታ ትነግረናለች። የኔ ጥንድ እሷ ነበረች፣ የሷም እኔ። እኔ ከሰዓት ስገባ እሷ የሌሊት ተረኛ ስለምትሆን ክበብ አይታ ትገባለች። እሷ ከሰዓት ስትገባ እኔ የጠዋት ተረኛ ነኝ፣ ማታውን አይቼ እነግራታለሁ። ልማዱ ሥር ከመስደዱ የተነሣ ጥንድሽ ካየች አንቺም «አየሁ» ትያለሽ። «አንቺ እኮ ማሽን ላይ ነበርሽ» ብሎ የሚሞግት አልነበረም። ነውር ነው። የባልንጀራን ዓይን መጠራጠር ይሆናል።

የመንኩራኩሩ አዛዥ አንድ ጊዜ አቧራማ ወደሆነች ዓለም ብቻውን ወርዶ ጠፋ፤ በኋላ ተመለሰ። ሁሉም እፎይ አለ። እኔ ግን ሲጠጣ አየሁት። ብርጭቆውን ያነሣው በቀኝ እጁ ነበር። ከዚያ በፊት ሲጽፍም፣ ሲበላም፣ መሣሪያ ሲይዝም ግራኝ ነበር። ዓርብ ዕለት ክበብ ውስጥ ተነሥቼ፣ «የተመለሰው እሱ አይደለም፣ አምሳያው ነው» አልኩ።

ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ስለ ሰዓት ጭማሪ ስንሰበሰብ እንኳ እንደዚያ ተከፋፍለን አናውቅም። ጋሼ የ«እሱ ነው» ወገን መሪ ሆኑ፤ የተረታ ሻይ ይጋብዛል ተባለ።

«ተዋናዩ ረስቶት ነው፣ እሜቴ። ስንቱን ያስታውስ?»

«እርስዎ የቦይለሩን መዘውር በየትኛው እጅዎ እንደሚዘጉ ይረሳሉ?»

«እኔ ብረሳ እኮ አቃቂ ጠፈር ትገባለች!»

እሳቸውም ሣቁ፣ ሰዉም ሣቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም የአዛዡን እጅ ማየት ጀመረ። ዝምተኞቹ ሳይቀሩ እየመጡ «ዛሬም በቀኝ በር ከፈተ» ይሉኝ ነበር።

ለሴቶች ተጠሪነት ስሜ የተነሣው በዚያው ሰሞን ነው። ልብ ብላ ታያለች፣ ያየችውን ደግሞ ደፍራ ትናገራለች ተባለ። ተጠሪዋ አንዲት ሠራተኛ ስትከሰስ አስተዳደሩ ፊት አብራት ቆማ የምትናገርላት ናት። ልጄ ታማ ሥራ ስቀር ማስጠንቀቂያ ሲጻፍብኝ አጠገቤ ቆሞ አንድ ቃል የተናገረልኝ አልነበረም። ስለዚህ ያን ቦታ ፈልጌው ነበር። መፈለጌን ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ፣ ለእሷ። ያኔ እሷም እንደምትፈልገው አልነገረችኝም።

የመንኩራኩሩ ሐኪም አዛዡን የምትመረምርበት የሐሙስ ክፍል የኔ የከሰዓት ሳምንት ላይ ዋለ። ዓርብ ጠዋት ባልንጀራዬ ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ አሰጣ ነበር። ሳልጠይቃት መጣች።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ እቴ» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«ደሙን ቀዱት። ጥቁር ነው፣ እንደ ተቃጠለ ዘይት። ሐኪሟ ጮኸች፣ አሰሩት። ጋሼ አፋቸውን ይዘው ወጡ።»

«እውነትሽን ነው?»

«እኔ አንቺን?» ብላ ሣቀችና ልትተኛ ገባች።

እንደገና አልጠየቅኳትም። ማሽን ስረከብ ቃል እንደማምን አመንኳት። ከሰዓት ከመግባቴ በፊት ለምሳ ሰዓት ብዬ ቀድሜ ሄድኩና ክበቡ በር ላይ ሆኜ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ሻዩ የእርስዎ ነው!» አልኩ።

ጋሼ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

«ለምን ሲባል?»

«አምሳያ ነው ብዬዎት አልነበር? ደሙ ምን መሰለ?»

«እስቲ አንቺው ንገሪና። ምን መሰለ?»

«ጥቁር!»

«ወፍራም ነው ቀጭን?» አለ አንዱ ከኋላ። አሁን ሳስበው ድምፁ ውስጥ ሣቅ ነበረ። ያኔ አልሰማሁትም።

«እንደ ተቃጠለ ዘይት። ከዚያ አሰሩት።»

«በዓይንሽ አየሽ?» አሉ ጋሼ።

«በዓይኔ በብረቱ!» አልኩ። ማልኩም።

ሣቁ እንደ ቆርቆሮ ጣራ ዝናብ ወረደ። ጠረጴዛ የደበደበ ነበር። ለካ ደሙ ቀይ ነበር። ለካ አዛዡ ያቺ አቧራማ ዓለም ላይ ወድቆ ግራ እጁ ተጎድቶ ነበር፤ ሐኪሟ እጁን አይታ፣ አሽታ፣ ጠቅልላ ሰደደችው። ጥያቄው ተመለሰ፣ ጋሼም ሙሉውን ተርጉመው ነበር። ሁሉም አይተዋል። እዚያ ከነበርነው ያላየሁ እኔ ብቻ ነኝ። ባልንጀራዬ ያኔ ቤቷ ተኝታ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መተላለፊያው ላይ ሳልፍ «በዓይኔ በብረቱ!» የሚል አይጠፋም። ይህን እችለው ነበር። የምርጫው ዕለት ግን ስሜ ሲጠራ አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል ሠራተኛ ተነሣ።

«እህታችን ጎበዝ ናት» አለ። «ግን ያላየችውን በዓይኔ አየሁ ብላ ስትምል ሁላችን ሰምተናል። ነገ አስተዳደሩ ፊት ስለኛ ቆማ ምን ብላ ትምል ይሆን?»

እንደ ቀልድ ነው የጀመረው። ማንም ግን አልሣቀም። አጠገቤ የተቀመጠችውን ባልንጀራዬን አየኋት። «እኔ ነኝ የነገርኳት» ማለት ይበቃ ነበር፤ ልማዱን የማያውቅ የለምና ሰው ይረዳ ነበር። የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ስታፍተለትል ቆየች፣ ቀና አላለችም። እኔም አፍ አውጥቼ እሷ ናት አላልኩም። ጥንድን በአደባባይ መክሰስ ከመማል የባሰ ነውር ነበር፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ቀጥሎ የእሷ ስም ተጠራ። እጅ ወጣ። ተመረጠች።

ማታ ግቢያችን ስንደርስ፣ «እኔ እኮ ቀልዴን ነው፤ የምታምኚኝ አልመሰለኝም» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

ማሽኑን ግን እንደ ድሮው አስረክባት ነበር። ክር ሲበጥስ ይበጥሳል እላታለሁ፣ ማቆሚያው ሲላላ ላልቷል እላታለሁ። የሐሙሱንም ክፍል ስትጠይቀኝ እነግራታለሁ። እሷ ስትነግረኝ እሰማና ክበብ ውስጥ ዝም እላለሁ። በኔ መቀመጫ እሷ ከጋሼ ወገን ሆና ትከራከር ጀመር። ተጠሪ ስለሆነች ይሰሟታል።

የመጨረሻው ክፍል እሷ ከሰዓት በምትገባበት ሳምንት ታየ። እኔ የጠዋት ተረኛ ስለነበርኩ ማታውን ክበብ ቁጭ ብዬ ከሰው ሁሉ ጋር አየሁት። መንኩራኩሩ ወደዚያች አቧራማ ዓለም ተመለሰ። አንድ ዋሻ ውስጥ ጢሙ የጎፈረ፣ የከሳ ሰው ተቀምጧል። አዛዡ ነው። በግራ እጁ ግድግዳው ላይ ይጽፋል። ሐኪሟን ያታለላት፣ እጄ ተጎድቷል ያለው፣ ቀይ ደም እንኳ የተበጀለት አምሳያው ነበር። ፊልሙ እዚያ ላይ አለቀ። ክበቡ ውስጥ ማንም ወደኔ አልዞረም። ጋሼ ብቻ ሲወጡ ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ክበብ ከመግባቷ በፊት ቧንቧው ጋ ጠበቀችኝ።

«በሞቴ፣ እንዴት አለቀ?»

ነገርኳት። ስለ ዋሻው፣ ስለ ጢሙ፣ ስለ ግራ እጁ። አንድ ነገር አልጨመርኩም፣ አንድ ነገር አልቀነስኩም። ፊቷን እያየሁ ነበር የምናገረው። እንደማታምነኝ ገና ሳልጨርስ አውቄያለሁ።

«አይ አንቺ!» አለች። «ቂምሽ ይሄን ያህል ነው? እኔን እንደዛ ልትሠሪኝ?»

«ያየሁት ይሄ ነው።»

«በዓይንሽ በብረቱ?» አለችና ጥላኝ ገባች።

ተከትያት ገባሁ። ሻዬን ቀዳሁ። እሷ መሀል ቆማ፣ «ያው እኛ እንዳልነው ሆነ፣ አዛዡ ራሱ ነበር፤ ሰዎቹን አገር አገባቸው» ስትል ሰማሁ።

«አየሽ?» አሉ ጋሼ።

«አየሁ እንጂ!»

ያው ሣቅ ወረደ። ፊቷ ደም መሰለ። ወደኔ ዞራ፣ «እሷ ናት የነገረችኝ! እሷ ናት ያታለለችኝ!» ብላ ጮኸች። ሰዉ ሣቁን አቆመና አየኝ። እውነቱን ነው የነገርኳት ማለት እችል ነበር። ጥለቱን የማፍተለትለው ነጠላ አልያዝኩም፤ የሻይ ብርጭቆዬን አየሁ። ከዚያ አጥቤ መለስኩትና ወደ ማሽኔ ሄድኩ።

ጥንዷን በአደባባይ ከሰሰች ተብሎ ብዙ ተወራ። ተጠሪነቷን ግን ማንም አልነካባትም፤ ዘመኗን ጨረሰች።

በዚያው ሳምንት ከሷ ጋር እንዳልረካከብ ወደ ሌላ ማሽን እንድዛወር ጠየቅኩ፣ ተዛወርኩ። ግቢውንም ለቀቅኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ እሷ ገላን ኮንዶሚኒየም እንደገባች ሰማሁ፤ አንድ ቀን ቃሊቲ ታክሲ ስጠብቅ አገኘችኝ። አርጅታለች። «ያ ፊልም ትዝ ይልሻል?» አለችኝ። «የምን ፊልም?» አልኳትና ታክሲው ሲመጣ ገባሁ።