ያላለቀው ቼዝ

አባቴና ጓደኛው መካነ ሰላም ውስጥ አብረው ያስተምሩ ነበር። በሰባ ሰባቱ ረሃብ አንድ ቀን፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ቼዝ እየተጫወቱ ሳለ የእርዳታ እህል የጫነ መኪና ደረሰ። እህሉ የሚራገፈው እዚያው ክፍል ስለነበር ሰሌዳውን አንስተው ጆንያ ሊሸከሙ ወጡ። ውጭ የተኮለኮለውን ሰው አይቶ ስለ ቼዝ የሚያስብ አልነበረም።

ይሁን እንጂ የጠጠሮቹን ቦታ ሁለቱም አልረሱትም። በነጭ የተጫወተው አባቴ፣ «ፈረሴን ሠውቼ አሸንፍህ ነበር» ይላል። ጓደኛው ደግሞ «ወላሂ አቻ ነበር!» ይላሉ። እነሱ ጡረታ ወጡ፣ ክርክሩ ግን አልወጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኛው ከዘራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ያንኑ ይደረድራሉ፣ በዚያው ይጨቃጨቃሉ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ከሳምንቱ ቀናት በጉጉት የሚጠብቀው ይህንኑ ብቻ ነው።

እኔን ግን አሰልችቶኛል። ለበዓል ስመጣ ስልኬ ላይ የቼዝ ፕሮግራም ጭኜ «ዛሬ ትገላገላላችሁ!» አልኳቸው።

እየነገሩኝ ደረደርኩ። ፕሮግራሙ ወዲያው አቻ ነው አለ። ጓደኛው ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ፣ አባቴ አኮረፈ።

«ጋሼ፣ አይቸኩሉ፤ ገና ነው» አልኳቸው ጓደኛውን። ፕሮግራም ከባድ ቦታ ሲገጥመው፣ ፈረስ የሚያስበላ መንገድ መጀመሪያ ላይ ኪሳራ ስለሚመስለው ገፋ ያደርገዋል። ብዙ እርምጃ ወደፊት ካየ በኋላ ነው የሚመለስበት። ስለዚህ እንዲያስብ ተውኩት።

ጓደኛው የአስር ሶላት ሊሰግዱ ወደ ጓዳ ገቡ። እሳቸው እዚያ እያሉ መልሱ ተቀየረ፦ ፈረሱ ይሠዋ፣ ነጭ ያሸንፋል። ስልኩን ለአባቴ አቀበልኩት።

አየው፤ እንደገና አየው። ፊቱ እንደዚያ ሲፈካ ካየሁ ዘመን ሆኖኛል፣ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ከዘራ ተመለከተና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

ጓደኛው ሰግደው ወጡ። ቆመው፣ ፈራ ተባ እያሉ «እህ፣ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ።

«ገና እያሰበ ነው» አለ አባቴ። «ይሄም እንደኛ ሳያረጅ አልቀረም። ቅዳሜ ና፣ እናየዋለን።»

«ኢንሻአላህ!» አሉ፣ እፎይ ብለው እየተቀመጡ። «ምን ያስቸኩላል ታዲያ!»

እኔም ፕሮግራሙን ከስልኬ ላይ አጠፋሁት።