የጋሽ ባሳ መኪና ፊት

ባለፈው ሳምንት ሲቀላ ሰፈር፣ ጎረቤቴ እዮብ ደጅ ተቀምጬ ሥራውን ስመለከት ዋልኩ። ልጁ ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ፣ ከመኪና ፕላስቲክ ላይ የለቀቀ ኒኬል እያደሰ ይኖራል። የአንድ ሚኒባስ የፊት ፍርግርግ በሳሙና አጠበ፣ በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካ አለሰለሰው፣ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ረጨና ጠበቀ። ብርማውን ቀለም ስስ አድርጎ ረጨ፤ ደግሞ ጠበቀ። እኔን የገረመኝ መጠበቁ ነው። በሱ ዕድሜ እኔ ጠብቄ የማውቀው ምሳ ብቻ ነበር።

አባቴ በሥራ ዝውውር ከሰሜን ሲመጡ ሴቻ ሰፈር ከተምን። ትምህርቱ እምቢ ሲለኝ ሲቀላ አንድ ጋራዥ ገባሁ፤ ሦስት ወር ጎማ እንደፈታሁ ራሴን ባለሙያ አድርጌ ሾምኩ። የሙዝ ነጋዴው ጋሽ ባሳ ፒካፓቸውን ያመጡልኝ ያኔ ነው።

“የልጄን ሙሽራ ከጨንቻ የምናመጣው በዚህ ነው። ፊቱን አሳምርልኝ። ካማረ መንጃ ፈቃድ አወጣልህና ሾፌሬ ትሆናለህ” አሉኝ።

ሾፌርነት ለኔ ያኔ አውራጃ ገዢ ከመሆን ይበልጥ ነበር።

የፍርግርጉ ኒኬል እዚህም እዚያም ደብዝዟል። ብረት መሰለኝ። እናቴ ድስት በአመድ ስትፈትግ ከማየት በቀር ሌላ ሙያ ስላልነበረኝ፣ አመድና ሎሚ ይዤ ወረድኩበት። ኒኬሉ ጨርቁ ላይ ቀረ፤ ከሥሩ ጥቁር ፕላስቲክ ቁልጭ ብሎ አየኝ።

ሠርጉ በማግስቱ ነው። የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ከየሻይ ቤቱ ለቃቀምኩ። ዘንጎቹን አንድ በአንድ መጠቅለል ሲሰለቸኝ፣ ካርቶን በልኩ ቆርጬ ወረቀቱን በኮላ ለጠፍኩበትና ፍርግርጉን በሙሉ ሸፈንኩት። ክፍተቶቹንስ? በጥቁር ቀለም ሳልኳቸው! ከአሥር እርምጃ ሲታይ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ጋሽ ባሳን በአሥራ አምስት እርምጃ አቆምኳቸው።

ጥር ነበር። ላንቴ የምትባለውን መንደር በሙዙ እርሻ መሐል ስናልፍ እኔ ከሚዜዎቹ ጋር ከኋላ ተጭኜ እዘፍናለሁ። የጨንቻን ዳገት እንደጀመርን ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተትጎለጎለ። ውሃ ጨመርን፤ ሁለት መታጠፊያ ሄዶ ደገመው። የሙሽራዋ ቤተሰብ ከቀትር በፊት ይጠብቀናል።

ጋሽ ባሳ ወረዱና ባርኔጣቸውን አወለቁ። “ይሄ ጎሜ ነው” አሉ። ጎሜ በጋሞ ዘንድ የተደበቀ ጥፋት ነው፤ ካልተናገሩት መንገድ ይዘጋል ይላሉ። “ደብቆ የመጣ ይናገር። አልቆጣም።”

አንዱ ሚዜ የወንድሙን ጫማ ሳያስፈቅድ እንዳደረገ ተናዘዘ። ሙሽራው ትናንት መጠጣቱን አመነ። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

“የሴቻው ልጅስ?” አሉ ጋሽ ባሳ።

“እኔ እንኳ...” ስል ሞተሩ አፏጨ። “እሺ! ፍርግርጉ ካርቶን ነው!”

ጋሽ ባሳ ሄደው አንዱን ክፍተት በጣታቸው ነኩት። “ይሄ ስዕል ነው?”

“አዎ፣ ጋሼ።”

“ታዲያ ሞተሩ በምን ይተንፍስ?”

እውነቴን ነው፣ ይህን አላሰብኩም ነበር። በገዛ እጃቸው ገሸለጡት። የደጋው ንፋስ ገባ፤ ሞተሩ በረደ፤ ውሃ ሞልተን ሳንቆም ጨንቻ ደረስን።

“መኪናው ጥርሱን የት ጣለ?” አለች የሙሽራዋ አክስት።

“መንገድ ላይ ተናዘዘ” አሉ ጋሽ ባሳ። እንዳሉትም አልተቆጡኝም፤ ቆጮ በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ አጠገባቸው አስቀምጠው አበሉኝ። በማግስቱ ግን “መኪናዬን ታጥባለህ፤ በውሃ ብቻ” አሉ። ቁልፉን የሰጡኝ ሁለት ዓመት ካጠብኩ በኋላ ነው።

እዮብ ሲጨርስ ፍርግርጉ ላይ አፍንጫዬን አየሁ፤ አላማረኝም። ጎንበስ ብዬ በክፍተቱ እፍ አልኩ።

“አባባ፣ ገና አልደረቀም! ምን እያደረጉ ነው?”

“አየር ያሳልፍ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።”

“ፍርግርግ አይደል እንዴ?”

ጎሜ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። መኪና ግሎ ሲቆምብኝ ግን፣ ኮፈኑን ከመክፈቴ በፊት የደበቅኩት ነገር እንዳለ አስባለሁ። ብዙውን ጊዜ አለ።