ከጅራቱ የተጀመረ መጽሔት

ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የድሮ ወረቀቶቼን ስለይ፣ ጋምቤላ ሳለሁ ለተማሪዎቼ የተረክሁትን ሥዕላዊ መጽሔት አገኘሁ። ሽፋን የለውም። ገጹ ሠላሳ ሁለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።

ጋዜጠኛ ከመሆኔ በፊት፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ እዚያ ለጎልማሶች ፊደል አስተምር ነበር። መጽሔቱ የዐረብኛ ነው። የባሮ ወንዝ ሲሞላ ከሱዳን በመጣ ጀልባ የገባ ሲሆን፣ ባለሱቁ ሐጂ ሳሙና ሊጠቀልሉበት ሲሉ ለምኜ ወሰድኩት። ዐረብኛ አላውቅም። ሥዕሉን እያየሁ ግን ከትምህርቱ በኋላ በየቀኑ ሁለት ሦስት ገጽ እተርክ ነበር። አምስት ጀግኖች ናቸው፤ አንዱ ይበርራል፣ አንዷ ውኃ ውስጥ ትተነፍሳለች፣ ሌላው ድንጋይ በጡጫ ይሰብራል። ተማሪዎቼ ከፊደሉ ይልቅ ለእነሱ ሲሉ እንደሚመጡ አውቅ ነበር።

በእኔ አተራረክ አምስቱ መጀመሪያ ተቃቅፈው ይስቃሉ። ከዚያ ሞቶ የነበረ አውሬ ይነሣል፤ እነሱም እርስ በርስ ይጣላሉ። በመጨረሻው ገጽ እያንዳንዱ ለብቻው ቤቱ ተቀምጧል። ያን ቀን ተማሪዎቼ አኩርፈው ወጡ። በማግስቱ ከአሥራ ስምንቱ ተማሪዎች አራት ብቻ መጡ። ሰው ከጠፋ ክፍሉ እንደሚዘጋ አስቀድሞ ተነግሮኝ ነበር።

ከአራቱ አንዱ፣ ታንኳ የሚቀዝፍ አኙዋ፣ ነገሩ አልዋጥልህ ብሎታል።

«መምህር፣ ሰው ተጣልቶ ይታረቃል። እነዚህ ታርቀው ተጣሉ። አውሬውም መጀመሪያ ሞተ፣ ኋላ ተነሣ።»

የአውሬውን መነሣት ቀደም ሲል አስማት ነው ብዬ አልፌው ነበር። አሁን ግን መጽሔቱን ይዘን ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድን። ሐጂ በልጅነታቸው ቁርኣን የቀሩ፣ ዐረብኛም የሚያነብቡ ሰው ናቸው። የተረክሁትን ሰምተው ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«አንተ መምህር፣ ከጅራቱ ነው እንዴ የጀመርከው? ዐረብኛ እኮ ከቀኝ ነው።»

ጽሑፉ ከቀኝ እንደሚነበብ አውቃለሁ። ሥዕሉም አብሮት እንደሚዞር ግን አላሰብኩም።

ባለታንኳው ከሐጂ ብሶ ሳቀ። ያን ዕለት ወንዝ ዳር ላገኘው ሁሉ፣ ጀግኖቹ ተጣልተው እንዳልቀሩና የገለበጣቸው መምህሩ እንደሆነ ሲናገር ዋለ። በማግስቱ አሥራ ስምንቱም መጡ፤ ሁለት አዲስ ሰዎችም አስከትለዋል። ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው አነበቡልን፤ እኔ ገጽ ገላጭ ሆንኩ። አውሬው ሞቶ ቀረ። አምስቱ ሲተቃቀፉ ክፍሉ በእልልታ ተናጋ። ባለታንኳውም መጽሔቱን ተቀብሎ እርሳስ ለመነኝ።

ለእኔ የመጨረሻ በነበረው ገጽ ኅዳግ ላይ፣ በእርሳስ፣ «ከዝህ ይጀመራል» የሚል የእሱ ጽሑፍ ዛሬም አለ።